መብራት እስኪመጣ

ፒያሳ፣ ጎንደር ላይ፣ ኑርሁሴን ጸጉር ቤት
አንገቴ ላይ ፎጣ፣ ወንበሩ ላይ ጉልት፣
ማሽኑ ቀኝ ጎኔን ላጭቶ እንደ ጨረሰ
መብራት እልም አለ፣ ድምፁም ተበጠሰ።
ግማሽ ራሴ መላጣ፣ ግማሹ ጎፈሬ፣
በየት በኩል ልውጣ እንዲህ ሆኜ ዛሬ?
ተቀመጥሁ።

በዚያ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበረ፣
ጥያቄው አጭር ነው፣ ቤቱን ያሳከረ፦
"ፊልም ከሚሠሩት፣ ከጥንት እስከ አሁን፣
ታላቁ ዳይሬክተር ማን ነው፣ ማንስ ይሁን?"

ጋሽ ማንደፍሮ ቀደሙ። ጣሊያን ባቆመው ቤት
ፎቁ ላይ፣ ከማሽኑ ጀርባ ሠላሳ ክረምት
ፊልም የጠመጠሙ፤ ጣታቸው ጠባሳ፣
ካርቦኑ የላሰው፣ ዛሬም የማይሳሳ።
"ድሮ ነው!" አሉና በከዘራ መሬት
መቱ፤ "ድሮ ሰው ፊት ላይ መቆየት ያውቁበት፣
እንባው ተንከባሎ አገጭ እስኪደርስ
ካሜራው አይነቃነቅ፣ አዳራሹም አይተነፍስ።
የዛሬዎቹማ፣ ዐይኔን ስጨፍነው
ሰባት ጊዜ ቆርጠው፣ ስገልጠው ሌላ ነው!"

ሰጠኝ ሳቀባቸው። ቅዳሜ ገበያ ዳር
ቪዲዮ ቤት ነበረው፣ ትኋን የሚያስቆጥር፣
በሃምሳ ሳንቲም ብቻ ሕንድ አገር የሚያሻግር።
"ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ላዋቂ ነው፣ ለጥቂት፤
ታላቅ ማለት እኮ ዝናቡን በምሽት
'በቃ ዝነብ' ብሎ እናትና ልጁን በጎርፍ የሚለያይ፣
ሦስት ሰዓት አስለቅሶ የሚያገናኝ ነው፣ እዛው ሠርጉ ላይ።
ስንቱ ባለ ቂም ነው፣ ዐይኑ በርበሬ መስሎ፣
ከቤቴ የወጣ፣ ቂሙን እዚያው ጥሎ!"

"ቋንቋውን ታውቀዋለህ?" ኑርሁሴን፣ ምላጭ እየሳለ።
"አላውቅም። ተርጓሚው ግን እኔ ነበርሁ" አለ።
"እናትየዋ ስትጮኽ የመሰለኝን አልሁ፤
አንዴ ግራ ገብቶኝ ባሏን ወንድሟ አደረግሁ።
ሰው ግን አለቀሰ።"

ስም ተወራወሩ፦ የሩስ፣ የጃፓን፣ የጣሊያን፣ የሕንድ፣
ካርታ እንደሚጫወት ሰው፣ አንዱን በአንዱ ሊያርድ።

ያምሮት፣ የሰጠኝ ልጅ፣ ከበሩ ደፍ ላይ
ስልኳን አዘቅዝቃ ቆየችና ስታይ፦
"የጠራችሁት ስም ሴት አንድ አልገባበት፤
አገሩም ሁሉ ሩቅ፣ ባሕር ያለበት።
ታላቋ ምናልባት አዘዞ ናት አሁን፣
በተሰነጠቀ ስልክ፣ ቻርጅ ስትለምን።"

ተሳቀ። ጋሼ ግን ዝም ብለው ቆዩ፣
ከዚያ ከመስተዋቱ ፊታቸውን እያዩ፦
"አንድ ቀን" አሉ፣ "የትንሣኤ ማግስት፣
ሰው ሞልቶ እስከ ደጅ፣ እኔም ከጠጅ ቤት
መጥቼ ነበርና ጥቅልሉን አዛባሁት፤
ሦስተኛው ሲጠበቅ አራተኛውን ገጠምሁት።
ሰውዬው ሞተ። ተቀበረ። ሚስትየዋ ማቅ ለበሰች።
ቀጥሎ፣ በሦስተኛው፣ በር ተንኳኳ፤ ከፈተች፤
ቆሟል። ባርኔጣውን ይዞ። ዳቦ ገዝቶ መጥቷል።
አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት 'ተነሥቷል!'
ብላ እልል አለች፤ እልልታው ፎቁን አተራመሰ፤
እኔ ከላይ ሆኜ ጉልበቴ ፈሰሰ።
ላስተካክል ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ተውሁት።
ሳምንቱን በሙሉ እንደዚያው አሳየሁት።
እስካሁን ጎንደር ላይ ያን ፊልም ያየ ሰው
ሲተርከው እንዲህ ነው፦ ሞት የመለሰው።
እስቲ ፍረዱኝማ፤ ያን ፊልም ማን ሠራው?"

ማንም አልመለሰ። ከግንቡ ራስ በላይ
ዘቅዘቅ ያለች ፀሐይ ገባች በበሩ ላይ፤
ያምሮት ድንገት፦ "ጋሼ፣ ትንሽ ወደ በሩ፤
እንዲያ! ደግመው ይንገሩን፤ ግን ሲጀምሩ
ቀስ ብለው። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ስታየው
እዚያ ላይ ዝም ይበሉ፤ እኔ ነኝ የምቆርጠው።"

ዕድሜ ልካቸውን ከኋላ ሲያበሩ
የኖሩት ሰውዬ፣ ከፊት እየበሩ
ሲጀምሩ አየሁ፤ "አንድ ቀን..." አሉና
ጸጥ አሉ። ልጅቱም አልቆረጠች ገና።

መብራቱ ሲመጣ፣ ኑርሁሴን የረሳው
ማሽን በራሱ ጮኸ፤ ታሪኩን አፈረሰው።
"ልቀጥል?" አለኝ እሱ። እኔም "ቆይ" አልሁት፣
ግማሹን ራሴን በእጄ እየሸፈንሁት።